ውሃ ቀጂዋን ማን ጠየቃት? ሴቶቻችን በሬዲዮና በቴሌቪዥን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ጽሑፉ ረዘም ያለ ስለሆነ ታገሱን። ግማሹን አንብቦ የተወ ሰው ወይ ሚዲያውን ብቻ የምንወቅስ፣ ወይ የራሳችንን ሰው ብቻ የምንወቅስ ይመስለዋል። ወቀሳው ለሁለታችንም ነው፤ ከሁሉም በፊት ደግሞ ለጸሐፊዎቹ።

በደረሰብን ነገር እንጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ እኛ አካባቢ፣ ወደ ከላላ፣ አንድ የቴሌቪዥን ቡድን መጣ። ጣቢያውን አንጠራም። የመጡት ስለ ንጹህ ውሃ ሊዘግቡ ነበር። ከመስጊዳችን ቁልቁል ላለው መንደር የእጅ ፓምፕ ተተክሎለት ስለነበር ኅብረተሰቡ ምን እንደሚል ሊሰሙ ፈለጉ። ካሜራቸውን ይዘው ግቢው ሲደርሱ አሱር ሰግደን እየወጣን ነበር። እኛም እንግዳ ተቀባይ ሆነን ሦስት ሽማግሌዎች መርጠን አቀረብንላቸው። ሽማግሌዎቹ አላህን አመሰገኑ፣ ያስተከለውንም አካል አመሰገኑ፣ የውሃ ችግራችን ተፈቷል አሉ። ከዚያ በኋላ ጋዜጠኞቹ ወደ መንገዱ ወረዱና ሴቶች ጄሪካን አዝለው አቀበቱን ሲወጡ ቀረጹ። አንዲት ልጅ ካሜራውን ስታይ በሻሿ ፊቷን ሸፈን አድርጋ ሳቀች፤ እሷም ተቀረጸች።

ዘገባው የተላለፈ ዕለት አንድ ሱቅ ውስጥ ተሰብስበን አየነው። ሽማግሌዎቹ በስማቸው ተጠርተው ይናገራሉ። ሴቶቹ ከሥራቸው ዋሽንት እየተነፋ ያልፋሉ። የምትስቀው ልጅ ሁለት ጊዜ ታየች። ከሴቶቹ አፍ ግን አንድም ቃል አልወጣም።

በማግስቱ አንዲት እናት መስጊዱ በር ላይ ጠብቀው ያዙን። የፓምፑ ቁልፍ በእጃቸው ያለ፣ የውሃ ኮሚቴው አባል ናቸው።

«ልጄ፣ ማንን ጠይቃችሁ ነው ችግሩ ተፈታ ያላችሁት?» አሉን።

«ሽማግሌዎቹ ናቸው እኮ እማማ፣ አንቱም ሰምታችኋል» አልን።

«ሽማግሌዎቹ መቼ ውሃ ቀድተው ያውቃሉ? ፓምፑ ከንጋት በኋላ አየር ነው የሚተፋው። ቀድማ የደረሰች ትቀዳለች፣ የዘገየችው ወንዝ ትወርዳለች። ያ በቴሌቪዥን ያሳያችሁት ጄሪካን ሁሉ የወንዝ ውሃ ነው።»

መልስ አልነበረንም። እውነታቸውን ነው። ቤታችን ውስጥ ውሃ መኖሩን እናውቅ ነበር። ከየት እንደመጣ ግን አልጠየቅንም።

ያን ቀን የተሠራው ስህተት ሴቶችን ቅር ያሰኘ ብቻ አልነበረም። ዘገባው ውሸት ሆነ። ማንም ሆን ብሎ አልዋሸም፤ ጋዜጠኞቹ የተነገራቸውን ዘገቡ፣ ሽማግሌዎቹ የሚያውቁትን ተናገሩ፣ እኛ የመሰለንን ሰዎች አቀረብን። ነገሩን የምታውቀዋ ሰው ስላልተጠየቀች ብቻ አንድ መንደር «ውሃ ያገኘ» ተብሎ ተመዘገበ። ውሃ አገኘ ለተባለ መንደር ደግሞ ጥገና የሚልክ የለም።

ምስል አለ፣ ድምፅ የለም

ነገሩ የከላላ ብቻ አይደለም። ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ በብዙ አገሮች በአንድ ቀን የሚተላለፉ ዜናዎችን የሚቆጥር ዓለም አቀፍ የሚዲያ ጥናት አለ። በመጀመሪያው ቆጠራ በዜና ውስጥ ከታዩና ከተሰሙ ሰዎች መካከል ሴቶች ከመቶ 17 ነበሩ። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ከመቶ 25 ደረሱ። በሃያ አምስት ዓመት ስምንት ብቻ ጨመረ ማለት ነው። የሰው ልጅ ግማሹ ሴት ሆኖ፣ በዜና ላይ ሩቡን ብቻ ሆኖ ይታያል። ያቺም ሩብ ብትሆን ብዙ ጊዜ የምትጠየቀው የደረሰባትን እንድትናገር እንጂ የምታውቀውን እንድታስረዳ አይደለም።

ወደ አገራችን እንምጣ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በሬዲዮም እንደ ሮማነወርቅ ካሳሁን ያሉ ሴቶች በንጉሡ ዘመን ድምፃቸውን አሰምተዋል። ዛሬ ዜና የምታነብ ሴት ማየት ብርቅ አይደለም፣ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ዜና የምታነበውና ዜናው ስለ እሷ የሚያወራላት ሴት ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንባቢዋ ስቱዲዮ ውስጥ ናት። የሚወራላት ደግሞ ወግዲ፣ ለገሂዳ፣ ጃማ፣ ቦረና ወይም ከላላ ተራራ ላይ ናት፤ ስሟም አይጠራም። «አንዲት እናት»፣ «የአካባቢው ሴቶች»፣ «ተጠቃሚዎች» ተብላ ታልፋለች።

ከዚህ የከፋውን በ2006 ዓ.ም. አይተናል። በዚያ ዓመት ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተባረው ሲመለሱ ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ነበሩ። የኛም ጎረቤቶች ነበሩበት። ከቴሌቪዥኑ በአእምሯችን የቀረው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አባያቸውን ለብሰው ሻንጣ ይዘው የሚያለቅሱ ልጆች ምስል ነው። እነዚያ ልጆች ግን ዐረብኛ ተምረው፣ የሰው ቤት አስተዳድረው፣ ወንድሞቻቸውን አስተምረው፣ ለአባታቸው በሬ ገዝተው የመጡ ነበሩ። ደላላው ስንት እንደወሰደ ያውቃሉ፣ ደሞዛቸውን ማን እንደቀማቸው ያውቃሉ። አልቃሽ ሆነው ታዩ፤ ዐዋቂ ሆነው አልታዩም።

«የወሎ ቆንጆ»

አሁን ብዙ ሰው ቅር የሚሰኝበትን እንናገር። ወሎ በቴሌቪዥን ሲነሳ ሴቷ የምትመጣው በአንድ መልክ ነው፤ ቆንጆ ሆና። ትከሻዋ፣ ዓይኗ፣ ጥርሷ፣ ሹሩባዋ። ክሊፑ ሐይቅ ዳር ወይም ለምለም ሜዳ ላይ ይቀረጻል፤ የወሎ ልጅ ናት የተባለችው አርቲስት ትስቃለች፤ አለቀ። ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬና ትዝታ ከወሎ ምድር ጋር የሚነሱ ቅኝቶች መሆናቸውን እናውቃለን። የአገር ሀብት ነው፣ ከማንም ጋር አንጣላበትም።

የሚያሳዝነን ግን በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከደቡብ ወሎ ሕዝብ ከመቶ 70 በላይ የሚሆነው ሙስሊም ሆኖ ሳለ፣ ያቺ «የወሎ ቆንጆ» እናታችንን፣ እህታችንን፣ ሚስታችንን አለመምሰሏ ነው። እናታችን ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ ከፈጅር በፊት ተነስታ፣ ዱዓዋን አድርጋ፣ ገብስ ፈጭታ የምትውል ናት። ሲጨንቀን የምንሄደው ወደ እሷ ነው። ጎረቤት ሲጣላ ቡና አፍልታ የምታስታርቅ እሷ ናት። መንዙማውን በቃሏ የምታውቅ፣ ዘር በየትኛው ወር እንደሚወርድ የምትናገር እሷ ናት። ውብ ናት የሚሏት ሰዎች አልዋሹም። ነገር ግን በሰው ዓይን ፊት ሁልጊዜ ውበቷ ብቻ የሚቆም ሰው፣ ሲናገር የሚያዳምጠው አያገኝም።

በድራማም ቢሆን ከገጠር የመጣች ሴት ብዙ ጊዜ የቤት ሠራተኛ ናት፣ ወይም የተታለለች ናት፣ ወይም በአነጋገሯ የሚሳቅባት ናት። ሙስሊሟ ደግሞ ከታየች ቡና ይዛ የምትመጣ ደግ ጎረቤት ናት። ደግነቷ ጥሩ ነው፤ የራሷ ታሪክ ግን የላትም።

ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳይ ምሳሌ ግን በአገራችን አለ። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ «የቀን ቅኝት» የሚል ድራማ 257 ክፍል ተላልፏል። ዋና ገጸ ባሕሪዋ ፍቅርተ የምትባል ሴት ነበረች። እኛ ያኔ ልጆች ነበርን። በዕለቱ ሰዓት ባለ ሬዲዮው ቤት ሰው ይሞላ ነበር፤ ወንዱም ሴቱም «ፍቅርተ ምን ወሰነች?» እያለ ይከራከር ነበር። ልብ በሉ፣ «ፍቅርተ ምን መሰለች?» አልነበረም ክርክሩ። በሬዲዮ መልኳ አይታይም። ስለ ውሳኔዋ ነበር የምንጨነቀው።

ሒጃብ ዜና የሚሆነው መቼ ነው?

የሒጃብ ጉዳይም አለ። በደርግ ዘመን የሙስሊሙ በዓላት የሕዝብ በዓል ሆነው ከታወጁ ወዲህ፣ ሒጃብ የለበሰች ሴት በዒድ ቀን ትታያለች፣ አልሐምዱ ሊላህ። ሁለተኛው የምትታይበት ጊዜ ደግሞ ክርክር ሲነሳ ነው፤ ለምሳሌ በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ተማሪዎች በሒጃባቸው ምክንያት ከትምህርት በተስተጓጎሉ ጊዜ። ከዒድና ከክርክር ውጭ ባሉት ቀናትስ? እሷ እኮ በሌሎቹም ቀናት ሐኪም ናት፣ የግብርና ባለሙያ ናት፣ መምህርት ናት፣ ነጋዴ ናት። ስለ ስንዴ ዋግ ወይም ስለ ወባ ስትጠየቅ የምናያት ስንት ጊዜ ነው?

በሌላው ዓለም ይህ በር ቀስ እያለ ተከፍቷል። አልጄሪያዊቷ ኸዲጃ ቢን ቂና በአልጀዚራ ዜና እያነበበች ሳለ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ሒጃብ ለበሰች፤ ሥራዋንም ቀጠለች። በግብፅ የመንግሥት ቴሌቪዥን ሒጃብ የለበሰች ዜና አንባቢ የታየችው በ2012 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ፋጢማ ነቢል ትባላለች። አስቡት፣ ግብፅ አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም ሆኖ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ቆየ። ስለዚህ የእኛዎቹን ጣቢያዎች ብቻ ነጥለን አንከስም። በአገራችንም በዚህ ሥራ ላይ ያሉ እህቶች አሉ፤ አላህ ያጽናቸው። የምንለው ጥቂትነታቸው ከቁጥራችን ጋር አይመጣጠንም ነው።

ሕጉ እንደሆነ አይከለክልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት፣ በአንቀጽ 27 የሃይማኖትን ነፃነት ይደነግጋል። በአንቀጽ 29 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ሚዲያ የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ያዛል። አንዲት የከላላ ሴት አስተያየቷን ስትጠየቅ ማንም ውለታ አልዋለላትም።

አሁን ወደ ራሳችን

እስካሁን ጣታችን ወደ ሚዲያው ነበር። አሁን እንመልሰው። በዚያ ቀን ጋዜጠኞቹ «ሴቶችንም እናናግር ይሆን?» ብለው ጠይቀውን ነበር። «አይ፣ ሴቶቻችን ያፍራሉ፣ ሽማግሌዎቹ ይበቃሉ» ያልናቸው እኛ ነን። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን፣ ግን እውነቱ ይህ ነው። ያቺ እናት በር ላይ ጠብቀው ሲገስጹን አላፈሩም። ያፈርነው እኛ ነበርን።

አንዳንድ ወንድሞች «የሴት ድምፅ ዐውራ ነው» ይላሉ። ኪታብ ላይ በቀራነው መሠረት፣ ከዑለማዎች ብዙዎቹ ድምፁ በራሱ ዐውራ አይደለም ብለዋል። የተከለከለው አነጋገርን ማለስለስና ማሽኮርመም ነው። ሱረቱል አሕዛብ ላይ ያለው ትእዛዝ ራሱ ሴቶች መልካም ንግግር እንዲናገሩ ያዛል፤ ዝም በሉ አላለም። እናታችን ዓኢሻ (ረዲየላሁ ዐንሃ) ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ታላላቅ ሶሐቦችንና ታቢዒዮችን አስተምራለች። ከእሷ የተላለፉት ሐዲሶች 2210 ናቸው። ድምፅዋ ባይሰማ ኖሮ ከዲናችን ስንቱ ይጎድል ነበር? በምስል ጉዳይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም አላቸው፤ የሚጠነቀቅ ሰው ጥንቃቄው ይከበርለታል። ሬዲዮ ግን ምስል የለውም። በሬዲዮም እንዳትናገር የሚከለክላት ዲኑ ነው ወይስ ልማዳችን?

ደግሞም እኛ ደረሶች ሆነን የተማርነው ትልቅ ነገር አለ። ሐዲስ በማስተላለፍ ላይ የሴት ቃል የወንድ ግማሽ አይደለም። አስተማማኝ ከሆነች ብቻዋን ያስተላለፈችው ይያዛል። ኢማሙ ዘሀቢ በአል-ሚዛን ኪታባቸው ከሴት አስተላላፊዎች መካከል በውሸት የተጠረጠረች ወይም ሐዲሷ የተተወባት ሴት እንደማያውቁ ጽፈዋል። ስለ ወንዶቹ ይህን ማለት አልቻሉም! የመርው ልጅ ከሪማ መካ ተቀምጣ ሶሒሕ አል-ቡኻሪን ለዑለማዎች አስተላልፋለች፤ በ463 ዓመተ ሒጅራ አልፋለች። ዜና ማለት እኮ ኸበር ነው። የኸበር ሥርዓት ደግሞ ነገሩን ወደሚያውቀው ሰው መሄድ ነው።

ሐበሻ ምድር ላይ የነበረውንም አንርሳ። አስማእ ቢንት ዑመይስ ከሐበሻ ወደ መዲና ስትመለስ ዑመር (ረዲየላሁ ዐንሁ) በሒጅራ ቀድመናችኋል አሏት። ዝም አላለችም። ተቆጥታ ነገሩን ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አቀረበች። እሳቸውም የመርከቧ ሰዎች ሁለት ሒጅራ እንዳላቸው ፈረዱ። ሶሐቦች ያንን ቃል ለመስማት በቡድን በቡድን ወደ እሷ ይመጡ ነበር። ስለ አገራችን ከተነገሩት የኩራት ቃላት አንዱ የተገኘው አንዲት ሴት ዝም ባለማለቷ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ልባችንን የነካው የነቢዩ ሙሳ (ዐለይሂ ሰላም) ታሪክ ነው። ቁርኣኑን ስንት ጊዜ አክትመን ያችን ቦታ አልፈናት ነበር። መድየን ውሃ ዘንድ ሲደርሱ ብዙ ወንዶች ከብት ያጠጣሉ፤ ሁለት ሴቶች ደግሞ መንጋቸውን ይዘው ወደ ኋላ ቆመዋል። ሙሳ የደከሙ ስደተኛ ነበሩ። ወደ ወንዶቹ ሄደው «እነዚህ ሴቶች ምን ሆነው ነው?» አላሉም። ሴቶቹን ራሳቸውን ጉዳያቸው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ሴቶቹም እረኞቹ እስኪመለሱ እንደማያጠጡ፣ አባታቸውም ሽማግሌ እንደሆነ በአጭሩ መለሱ። ሙሳም አጠጡላቸው። ጥያቄው በሥርዓት፣ መልሱ በሥርዓት፣ እርዳታው በሥርዓት። ውሃ ዳር የቆመችውን ሴት የጠየቀ ነቢይ እያለን፣ እኛ ውሃ ቀጂዋን ትተን ሽማግሌ ጠየቅን።

ምን እናድርግ?

ለጣቢያዎቹ፦ ደሴም ሆነ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ቦታ ላላችሁ ጋዜጠኞች አደራ አለን። ወደ ገጠር ስትመጡ መጀመሪያ ያገኛችሁትን ወንድ ብቻ አትጠይቁ፤ እኛንም ጨምሮ። ጉዳዩ ውሃ ከሆነ የምትቀዳዋን፣ ወፍጮ ከሆነ የምታስፈጨዋን፣ ወሊድ ከሆነ የምትወልደዋን ጠይቁ። ሴት ጋዜጠኛ ላኩ። ስሟን ጠይቃችሁ፣ ከፈቀደች ጥሩት። ካልፈቀደች ምስሏንም ተዉት፤ ድምፅዋን የከለከላችኋትን ሴት ፊት ለማሳመሪያ አትውሰዱ።

ለራሳችን ጣቢያዎች፦ አፍሪካ ቲቪ፣ ነሲሓ፣ ሚንበር፣ ሀሩን የመሳሰሉት ለኡማው ብዙ ሠርተዋል፤ ጀዛኩሙላሁ ኸይረን። እኛ ባየነው መጠን ግን ለእህቶች የሚሰጠው ሰዓት ብዙውን ጊዜ በረመዷን ምግብና በትዳር ላይ ያተኩራል። ሳምቡሳውም ትዳሩም ይቅረብ። የተማረች እህት ግን ስለ ንግድ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ውርስ ፊቅህ ለእህቶቿ ብታስተምር፣ ሰሚዋ ብዙ ነው። የከላላ ሴት ዲሽ ባይኖራት እንኳ በገበያ ቀን ከተማ ወርዳ በሜሞሪ አስጭና ትሰማለች።

ለኢማሞችና ለሽማግሌዎች፦ እንግዳ ሲመጣ የምናቀርበው ሰው ምስክር ነው፤ ስለ ምስክርነታችን እንጠየቃለን። የማናውቀውን በሌላ ሰው ስም አንመልስ።

ለአባቶች፦ ባለፈው አንድ አባት አሥረኛ ክፍል ያለች ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቱ ጋዜጠኛ መሆን ትፈልጋለች። አባትየው «ሒጃቧን አውልቂ ይሏታል፣ ዲኗ ይበላሻል፣ ተው በሉልኝ» አሉን። ፍርሃታቸውን አልናቅነውም፣ ከንቱም አይደለም። ልጅቱን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልናት። አንገቷን ደፍታ ቆየችና «የእማዬን ፓምፕ ጉዳይ እኔ ብሆን እሷን ነበር የምጠይቃት» አለች። የዚያች የኮሚቴ እናት ልጅ መሆኗን ያኔ ነው ያወቅነው።

አባትየውን «ልጅቱን ከመከልከል ሒጃቧን የሚያከብር ቦታ መፈለግ ይሻላል፣ በሬዲዮም ትጀምር፣ እኛም እናግዛለን» አልናቸው። ገና አልወሰኑም። ዱዓ አድርጉላቸው።

ፓምፑ በኋላ ተጠግኗል። ያስጠገነው ዘገባው አይደለም። እኚያ እናት ሌሎች ሦስት ሴቶች ይዘው ወረዳ ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ ራሳቸው ተናግረው ነው። እኛ የሄድነው ደብዳቤውን ለመጻፍ ብቻ ነበር።

አላህ ከማናውቀው ነገር የምንናገር አያድርገን፤ የሚያውቁትንም የምንሰማበት ጆሮ ይስጠን። ትክክሉ ከአላህ ነው፤ ስህተቱ ከእኛና ከሸይጣን ነው። ወላሁ አዕለም።

የጠቀማችሁ ከሆነ ለሌሎች አድርሱ። በተለይ ግን ለእናቶቻችሁ አንብቡላቸውና ምን እንዳሉ ጻፉልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ